ስለ ባለፈው አመሰግናለሁ

ወንድሜ አምሃ ስልክ ሲያነሳ «ሄሎ» አይልም። «ታክ ፎ ሲስት» ነው የሚለው። ዴንማርክኛ ነው። አምሃ ዴንማርክን ካርታ ላይ ፈልግ ቢሉት አያገኛትም፤ በሕይወቱ ሩቅ ሄደ ከተባለ ሻሸመኔ ነው። «ሲስት» የምትለዋንም ጥርሱ ውስጥ ሥጋ እንደገባበት ሰው ነው የሚያፏጫት።

«አይባልም አልኩህ እኮ!» እለዋለሁ። «በቅርብ የተገናኙ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚባባሉት። ደንብ አለው።»

«እሺ፣ የኔ መምህርት።»

በሳምንቱ ስደውል ያንኑ ይደግመዋል። እንዲህ ስንባባል አሥር ዓመት ሊሞላን ነው።

ባለፈው ወር አሥራ ስምንት ሞላኝ። በስዊድን ሕግ አዋቂ ነኝ ማለት ነው፤ ሳህን ማጠቡ ላይ ግን ያው ነኝ። የልደቴ ዕለት እማዬ ወረቀቶቼን በሙሉ የያዘ ሰማያዊ አቃፊ አስታቀፈችኝና «ከእንግዲህ ጉዳይሽን ራስሽ ያዢ» አለችኝ። ከልደት ምስክር ወረቀቴና ከክትባት ካርዴ መሀል የኔ ያልሆነ አንድ ደብዳቤ ተቀላቅሎ ነበር። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስምንት ዓመት ተኩል ልሁን።

ስምንት ዓመት ተኩል ነኝ። የምንኖረው ስቶክሆልም ዳር፣ ቮርቢ ጎርድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ አክሱማዊት ትባላለች፤ እኔ ልደታ። አባቴ እኔንና እማዬን ከአዲስ አበባ ባስመጣን በስድስት ወሩ ሌላ ሴት ወዶ ወደ ዮተቦሪ ሄደ። በባቡር ሦስት ሰዓት ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ገና አልደረሰም መሰለኝ፣ አልደወለም። አምሃ የእማዬ የመጀመሪያ ትዳር ልጅ ነው። «በሁለተኛው ዙር ይመጣል» ተብሎ ኮልፌ፣ አክስታችን በቀለች ዘንድ ቀረ። ዙሩ ለካ የአባቴ ነበር፤ አባቴ ሲሄድ አብሮት ሄደ።

አንድ እሑድ ቲጂ ወጥ ቤታችን ተቀምጣለች። ቲጂ የእማዬ ጓደኛ ናት፤ ከኛው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነኝ። ትልልቅ ሰዎች፣ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ጆሮውን ውጪ ጥሎ የሚገባ ይመስላቸዋል።

«አምሃ ግንቦት አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት ይሞላዋል» አለች እማዬ። «ከዚያ ወዲያ ልጄ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ራሱን የቻለ ሰው ነው ነው የሚሉኝ።»

«ታዲያ ዛሬውኑ አታመለክቺም?»

«ምን ይዤ? ልጅሽን ለማስመጣት ቋሚ ሥራ አሳዪ ይላሉ ኢሚግሬሽኖቹ። እኔ ገና የሙከራ ነኝ። ስድስት ወሩ የሚሞላው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ፋስት ካደረጉኝ፣ ቋሚ ከሆንኩ፣ በማግስቱ አስገባለሁ።»

«ያደርጉሻል። አንቺን የመሰለ ሠራተኛ ከየት ሊያመጡ!»

«ካላደረጉኝ፣ ቲጂዬ፣ ዕድሜው በሩን ይዘጋበታል።»

የእማዬ እግር ጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪና የምትረግጥ ይመስል።

እኔ የሰማሁት «በሩን ይዘጋበታል» የሚለውን ነው። የአክስቴ በቀለች ቤት አረንጓዴ የብረት በር ትዝ አለኝ። አምሃ ከውስጥ ቆሞ፣ «ዕድሜ» የሚሉት አንድ ክፉ ሰውዬ ከውጪ ሲቆልፍበት ታየኝ። ቢሆንም ብዙ አልፈራሁም፤ እማዬ ቁልፍ አላት።

እማዬ የምትሠራው ሄምሼንስት ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ መድኃኒት ማስዋጥ። ሰፈሩ ኪስታ ነው፤ ከትልቁ የገበያ ማዕከል ጀርባ ያሉት ሕንጻዎች። የየቤቱን ቁልፍ በወፍራም ቀለበት ወገቧ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ስትራመድ እንደ ጸናጽል ይሰማል። ከነዚያ ሁሉ ቁልፎች አንዱ የአምሃ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ፋስት ሲያደርጓት የትኛው እንደሆነ ይነግሯታል፤ እሷ ትከፍትለታለች። በቃ።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ እማዬ ተረኛ ናት። ያን ጊዜ ቲጂ ነበረች የምትይዘኝ። ገና በወጣ ሰሞን ግን ቲጂ ሜርስታ፣ የአየር ማረፊያው አጠገብ ያለ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘች፤ ቅዳሜና እሑድ። እማዬ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ሳመቻትና መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተች። ረጅም ጊዜ ከፈተችው።

በማግስቱ ፊቴ ተንበረከከችና ጃኬቴን እየቆለፈች፣

«ልድዬ፣ ድብብቆሽ እንጫወታለን» አለች። «እኔ ሰዎቹ ቤት ስገባ አንቺ ደረጃው ላይ ትቀመጫለሽ። ማንም ቢያይሽ ‘ጓደኛዬን እየጠበቅኩ ነው’ በይ። የኔን ዓይነት የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ካየሽ ደግሞ አታውቂኝም።»

«ካሸነፍኩስ?»

«ካሸነፍሽ አምሃ ይመጣል።»

አሁን ሳስበው፣ እንዲህ ያለ ሽልማት የተቆረጠበት ድብብቆሽ ዓለም ላይ ማንም ተጫውቶ አያውቅም።

እትዬ ኢንገርን ያወቅኋቸው በዚያው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ስዊድኖቹ ኢንገር ብቻ ነበር የሚሏቸው፤ እማዬ ግን «ሰማንያ ስምንት ዓመት ሙሉ የኖረ ሰው በባዶው አይጠራም» ብላ እትዬ ጨምራላቸው ነበር። ኦርሁስ የሚባል ከተማ ልጆች ያስተምሩ የነበሩ ዴንማርካዊት ናቸው። ስዊድናዊ አግብተው ስቶክሆልም ስልሳ ዓመት ኖሩ፤ ባልየው ሞቱ፤ ከዚያ ማስታወስ እየተዋቸው መጣ። አስቀድሞ የሄደው ስዊድንኛቸው ነበር። የቀራቸው ዴንማርክኛ፣ ቁርጥራጭ ስዊድንኛና ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው ለሄምሼንስት ሠራተኞች ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጩኸቱን ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተበርግዶ እማዬ የኋሊት ወጣች፤ ክንዷን ፊቷ ላይ አድርጋ። እትዬ ኢንገር የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ጃንጥላውን ወደ ላይ አንስተው ተከተሏት። «ማን ነሽ? ማን ነሽ? ቤቴ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ነበር የሚሉት፤ ዴንማርክኛ ባላውቅም ያንን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። እማዬ በስዊድንኛ «አክሱማዊት ነኝ፣ ትናንትም መጥቻለሁ» ትላለች። ትናንት ለእሳቸው የለም።

ያን ጊዜ አዩኝ።

ጃንጥላው ቀስ ብሎ ወረደ። አስተማሪ የነበረ ሰው ደረጃ ላይ የተቀመጠ ልጅ አይቶ ማለፍ አይችልም መሰለኝ። እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ከቆርቆሮ ውስጥ የቅቤ ብስኩት አወጡልኝ፤ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ መድኃኒቱን በውሃ አቀረበችላቸው። እኔን እያዩ ዋጡት። ድመት ሣልኩላቸው፤ ከሥሩ በአማርኛ «ልደታ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ በሩን ሲከፍቱ እኔ ከእማዬ ፊት ነበርኩ። ማንነታችንን አላወቁም። ዓይናቸው ጃንጥላውን ሲፈልግ አየሁ። «ሄይ፣ ኢንገር!» አልኩ ፈጠን ብዬ። ዓይናቸው ከኔ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ የሣልኳት ድመት እዚያው ነበረች። ወደኔ ተመለሰ። ወገባቸውን ቀና አደረጉ።

«እንዲህ አይባልም» አሉ፤ ዴንማርክኛና ስዊድንኛ እያደባለቁ። «ትናንት አብረን ተቀምጠን በልተናል። እንግዲያው ዛሬ መጀመሪያ የሚባለው ‘ታክ ፎ ሲስት’ ነው። ስለ ባለፈው አመሰግናለሁ። በይ።»

«ታክ ፎ ሲስት።»

«ኮትሽን ሳታወልቂ። ከሁሉ በፊት።»

ወጥቼ እንደገና ገባሁ። «ታክ ፎ ሲስት!»

«ሴል ታክ» አሉና ፊታቸው ተከፈተ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። መልሱ ያ ነው፤ «እኔም አመሰግናለሁ» እንደ ማለት።

ደንቡን ቀስ በቀስ ተማርኩት። መጀመሪያ ለምትተዋወቂው ሰው አይባልም። እንዲሁ መንገድ ላይ ለተላለፍሽው ሰውም አይባልም፤ አብራችሁ መቀመጥ፣ ደስ የሚል ጊዜ ማሳለፍ አለባችሁ። አንዴ ብቻ ይባላል፤ እንደገና በተገናኛችሁ የመጀመሪያዋ ደቂቃ። ደንቡን የተማርኩት ግን እየጣስኩ ነው። ለአውቶቡስ ሹፌሩ አልኩት፤ ዞር ብሎም አላየኝ። ለጥርስ ሐኪሟ አልኳት፤ በሳቅ ፈረሰች። ሰኞ ዕለት ለአስተማሪዬ ስላት ግን ደስ አላት። «እኛም እኮ አለን!» አለች። «ታክ ፎር ሴናስት እንላለን። ያው ነው።»

«የማያስታውስ ሰው ቢሆንስ?» ብዬ እትዬ ኢንገርን ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። ስምንት ዓመት ተኩል ስትሆኚ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማን እንደማይቀርብ አታውቂም።

ተቆጡ። «ሰው እቤትሽ ድረስ መጥቶ ሲያመሰግንሽ አላስታውስም ይባላል እንዴ? ሴል ታክ ትያለሽ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ታስታውሻለሽ።»

እማዬ ይህን ስትሰማ ትራስ ትቀይር ነበር። እጇ ቆመ።

በባቡሩ ውስጥ እኔ እያስጠናኋት ተለማመደች። «ታክ ፎር ሲ…» «‘ር’ የለውም እማዬ!» «ኧረ አንቺ ምላሳም፣ ቀስ በይ!» አለችና ሳቀች። ከቲጂ ሥራ ማግኘት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «ልክ እንደ ‘እንኳን አደረሰሽ’ ነው፤ መልሱ አብሮት ተወልዷል። ሰውዬው ማሰብ አይጠበቅበትም።» እኔ ትምህርት ቤት በምሆንባቸው ቀናት እማዬ በሩ ላይ ብቻዋን ትለዋለች። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ጃንጥላው ግማሽ ድረስ ይወርዳል። እኔ ስኖር ግን ስቶ አያውቅም።

የካቲትም እንዲህ አለፈ። እማዬ መጋቢትን የቆጠረችው በከንፈሯ ነው፤ ድምፅ ሳታወጣ። ቆማ ትበላ ነበር። አንድ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ማሰር አቃታት፤ ጣቶቿ እምቢ አሉ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩላትና «ሴል ታክ» አልኩ። «ይኸ እንኳ ቦታው አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት፤ ደንቡን ከኔ የበለጠ ገብቷታል።

ከዚያ አኒካ የምትመጣበት ቀን ደረሰ። አኒካ የእማዬ አለቃ ናት። «ኢንገርን የቻለ ሁሉን ይችላል፤ ቅዳሜ ረፋድ መጥቼ አብሬሽ አያለሁ፣ ከዚያ ስለ ፋስቱ እንነጋገራለን» ብላት ነበር። እማዬ ይህን ለቲጂ ስትነግራት ድምጿ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። ቲጂ የሥራ ቀኗን ለመቀየር ለምና አልተፈቀደላትም። እኔን የምትተውለት ሌላ ሰው እማዬ አልነበራትም።

ያን ቅዳሜ በጠዋት እትዬ ኢንገር ቤት ገብተን እማዬ ግድግዳው ላይ የነበሩ ሥዕሎቼን አንድ በአንድ አወረደችና መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። የፀጉር ማስያዣዬን ከሶፋው ሥር ለቀመች። እኔ የምጠጣበትን ትንሽ ብርጭቆ ከፍ ካለው መደርደሪያ ጀርባ ሸጎጠች። ለእንግዳ ቤት ማሰናዳት መሰለኝ። አኒካ ሥዕል አትወድ ይሆናል አልኩ።

«ዛሬ ድብብቆሹ ረጅም ነው» አለችኝ። ታች ምድር ቤት፣ ነዋሪዎቹ በተራ ልብስ የሚያጥቡበት ክፍል ወስዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። «እኔ ራሴ መጥቼ እስክወስድሽ እንዳትነቃነቂ። በአምሃ ሞት።»

«አምሃ እንዳይሞት አልነቃነቅም» አልኩ። ሳመችኝ። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር።

የሰው አንሶላ ማሽኑ ውስጥ ሲዞር አየሁ። እስከ መቶ ቆጠርኩ፤ በአማርኛ፣ በስዊድንኛ፣ ከዚያም በዴንማርክኛ እስከማውቀው እስከ አምስት። ማሽኑ ቆመ። ያኔ ነው ጩኸቱ የተሰማኝ። ከሦስተኛ ፎቅ፣ በደረጃው ቦይ፣ እስከ ምድር ቤት። የእትዬ ኢንገር ድምፅ። አንድ ነገር ተሰበረ። የእማዬ ድምፅ «ታክ ፎ ሲስት፣ ታክ ፎ ሲስት፣ ኢንገር» ይላል፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አንዴ ነው የሚባለው! ተደናግጣ ደንቡን ረሳች አልኩ።

በኮልፌ ሰፈራችን የድብብቆሽ ደንብ፣ ጓደኛሽ ከተያዘ ሮጠሽ ወጥተሽ ግድግዳውን ከነካሽ ይፈታል። እማዬ ተይዛለች።

ሮጥኩ።

በሩ ክፍት ነበር። መሬቱ ላይ ሳህንና ጥቁር ዳቦ ተበትኗል። እትዬ ኢንገር ጥግ ገብተው ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ እያለቀሱ ነው። ሁለት የማያውቋቸው ሴቶች ቤታቸው ገብተዋል፤ አንዷ ደግሞ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። እማዬ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። አኒካ በሩ አጠገብ ናት። እማዬ አየችኝ። 

ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ ከሁሉ በፊት፣ አንዴ ብቻ፣

«ታክ ፎ ሲስት፣ ኢንገር!»

ጃንጥላው ወረደ።

«ሴል ታክ» አሉ እትዬ ኢንገር፤ ድምፃቸው ገና በእንባ ርሶ። «ሴል ታክ፣ ትንሿ ወዳጄ። ግቢ፣ ግቢ። ስንት ጊዜሽ!» ብስኩቱን አወረዱ። ተቀመጡ። እማዬ መድኃኒቱን ስታቀርብላቸው እጇን ዳሰስ አድርገው ዋጡት።

አኒካን አየኋት። ፈገግ ብላ ነበር። አሸነፍን!

«ውይ፣ እንዴት ያምራል» አለችኝ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ። «ዴንማርክኛም ትችያለሽ? ለመሆኑ ባለፈው መቼ ነበር?»

ጥያቄው ልክ ነበር። «ታክ ፎ ሲስት» ያለ ሰው ባለፈው መቼ እንደነበር ማወቅ አለበት። እኔም አውቅ ነበር። ጣቶቼን አወጣሁ። ከጥምቀት በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ከሄድኩበት ቀን በፊት… ስሳሳት አኒካ ስልኳን አውጥታ ካሌንደሩን ከፈተችልኝ፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን አብረን ቆጠርን። አሥሩም ጣቶቼ አለቁ። እያንዳንዱን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ማርክ እየሰጠችን መሰለኝ፤ ከአሥር አሥር።

ከዚያ ብድግ ብላ እማዬን አየቻት። ፈገግታው አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም። የደከማት ትመስል ነበር። «ልጅቷ የምትለው ትክክል ነው?» አለች።

እማዬ እኔን አየችኝ። እትዬ ኢንገር ብስኩት ያኝካሉ።

«አዎ» አለች። «ልጄ አትዋሽም።»

አሁን የማውቀውን ያኔ ብነግራት ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። «ልጅ ናት፣ ትቀባጥራለች፤ የመጣችው ዛሬ ብቻ ነው» ብትል፣ የሚመሰክር ማን ነበር? እትዬ ኢንገር? ሥዕሎቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። እኔ ውሸታም እባል ነበር፤ አምሃ ይመጣ ነበር።

ወጥ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉ። የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። «…የሕመምተኛ ቤት ነው…» «…ጃንጥላው ልጅቷን ቢያገኛትስ…» «…እኔም ልጆች አሉኝ፣ አክሱማዊት፣ ግን…»። ሲወጡ እማዬ ቀለበቱን ከወገቧ ፈታች። ቁልፎቹ አንዴ ጮኹና አኒካ እጅ ውስጥ ዝም አሉ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። የአምሃን ቁልፍ ለማወቅ ነው የወሰደቻቸው፤ ሄዳ ልትከፍትለት ነው።

በባቡሩ እማዬ መስኮቱን ስታይ መጣች። የእግሯ መንቀጥቀጥ እንኳ ቆሞ ነበር።

«ጎበዝ ነበርኩ፣ አይደል?» አልኳት።

«ጎበዝ ነበርሽ» አለች።

ቤት እንደገባን ኮቷን ሳታወልቅ ለአምሃ ደወለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የምታወራው። «አዎ… አይ፣ የለም… አልሆነም በቃ… የኔ ጥፋት ነው፣ የማንም አይደለም።» ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዳትነግራት። ልጅ ናት። በሞቴ አምሃ፣ መቼም ቢሆን እንዳትነግራት።»

ገባኝ! ሊመጣ ነው፤ ድንገት በር አንኳኩቶ ሊያስደስተኝ ነው፤ እንዳላውቅ ነው። ሳቄን በእጄ አፈንኩት። ስልኩን ስትሰጠኝ ምንም እንዳልሰማ ሆንኩ።

«ልዱ» አለ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። «ዴንማርክኛ ቻልሽ አሉ። እስቲ በይልኝ።»

አልኩለት። ደንቡንም አስረዳሁት።

«‘ባለፈው’ የምትይው የኛው የቦሌ ስንብት አይደል?» አለ።

«ቦሌ አይቆጠርም! አለቀስን እንጂ መች ተጫወትን? ደስ የሚል ጊዜ መሆን አለበት።»

«ለኔ ደስ የሚል ነበር። ጫማዬ ላይ አስታወክሽ እንጂ።» ከዚያ አንድ በአንድ፣ «ታክ… ፎ… ሲስት» አለ።

«ሴል ታክ አልልህም! አሁን አይሠራም። ስትመጣ ነው የምልህ። እንደመጣህ ሳይሆን በማግስቱ፣ አብረን ከተቀመጥን በኋላ።»

«እሺ» አለኝ ወንድሜ። «ስመጣ።»

ግንቦትን በር ሥር ተቀምጬ አሳለፍኩት። ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ በቆመ ቁጥር እነሳ ነበር። ግንቦት አሥራ ሁለት እማዬ ከአልጋ አልወረደችም፤ ቲጂ መጥታ ፀጉሬን ሠራችኝ። ሰኔ ላይ መጠበቅ ተውኩ። አምሃ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ነው ብዬ ሁለት ወር አኮረፍኩት። እሱን ነበር ያኮረፍኩት።

እማዬ ከዚያ ወዲህ ቢሮ ታጸዳለች። እትዬ ኢንገር በዚያው ዓመት እንደሞቱ ቲጂ ነገረችኝ፤ በመጨረሻ በር የሚከፍትላቸው ማን እንደነበረና ምን ብሎ እንደገባ አላውቅም። አምሃ ኮልፌ የሞባይል ጥገና ከፍቷል። ሁለቴ ለጉብኝት ቪዛ ጠይቆ ሁለቴ ተከልክሏል። እኔ አሁን እሱ በሩ የተዘጋበት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ለኔ ኬክ ተገዛልኝ።

አቃፊው ውስጥ ያገኘሁት ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው፤ ከእማዬ የድሮ አሠሪዎች። አክሱማዊት በሥራዋ የተመሰገነች ብትሆንም፣ ይላል፣ በተጠቃሚ ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ልጇን ይዛ በመግባቷ የሙከራ ቅጥሯ ወደ ቋሚ አይዛወርም። ከዚያ «በተደጋጋሚ» የሚለውን ለማስረዳት ቀኖቹ ተዘርዝረዋል። ጃንዋሪ 9፣ ጃንዋሪ 10፣ ጃንዋሪ 23፣ ጃንዋሪ 24… ሳነብ ጣቶቼ በራሳቸው ይታጠፉ ጀመር። አሥር ናቸው።

እማዬ ሥራ ላይ ነበረች። ደብዳቤውን አጥፌ መልሼ እዚያው አቃፊ ውስጥ ከተትኩት፤ ከክትባት ካርዴ አጠገብ። ከዚያ ለአምሃ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከሱቁ ውጪ የታክሲ ረዳት «አስኮ፣ አስኮ!» ሲል ይሰማል።

«ታክ ፎ ሲስት» አለ፤ እንደ ወትሮው። በደስታ፣ በሙሉ አፉ፣ ጥርሱ ውስጥ ሥጋ እንዳለ።

አሥር ዓመት ሙሉ ስቀልድበት የኖርኩት ይህ ነው።

«ሴል ታክ» አልኩት።

የታክሲው ረዳት ሦስቴ «አስኮ» አለ፤ መኪናው ሄደ። አምሃ ብድግ ብሎ የሱቁን በር ሲዘጋ ሰማሁት።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።